ስዋርትበርግ ወይስ ሜይሪንግስፖርት?

በደቡብ አፍሪካ የጋርደን ሩትን የባሕር ጠረፍ ትተው ወደ መሀል አገር ለሚያቀኑ፣ የስዋርትበርግን ተራሮች የሚያሻግሩ ሁለት ድንቅ መንገዶች አሉ።

ሜይሪንግስፖርት አስፋልት ነው። በቀያይ ገደሎች መሀል እየተጠማዘዘ አንዱን ወንዝ 25 ጊዜ ይሻገራል። መኪና አቁመው ትንሽ በእግር ቢሄዱ ፏፏቴ ያገኛሉ። ለቸኮለ ሰው ይሄ ይበቃዋል።

የስዋርትበርግ መተላለፊያ ግን ሌላ ዓለም ነው! የመንገድ መሐንዲሱ ቶማስ ቤይን በእስረኞች ጉልበት ያሠራው፣ በ1888 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ የጠጠር መንገድ እስከ 1,583 ሜትር ይወጣል። ጠርዙን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ካብ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልነካውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ወርደው በእጅዎ ይዳስሱት። ኩርባው ጠባብ ስለሆነ ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ባይሞክሩት ይሻላል። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ግን እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ይህንን ነው።