የእጅ ሰርኩላር መጋዝ በደሴ፦ ከአንድ ክረምትና ከአንድ በጋ ሥራ በኋላ

ይህ ግምገማ 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ፣ 1,400 ዋት የሚስብና በ220 ቮልት የሚሠራ ባለገመድ የእጅ ሰርኩላር መጋዝን ይመለከታል። ማሽኑን የገዛሁት ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደሴ ባለው የእንጨት ሥራ ቤቴ በር፣ መስኮት፣ አልጋና የኩሽና ቁም ሣጥን ስሠራበት፣ አልፎ አልፎም ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐይቅ ይዤው ሄጄ የጣራ እንጨት ስቆርጥበት ቆይቻለሁ። የማርኩን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ መጠን ገበያ ላይ ያሉት ማሽኖች በአሠራራቸው ስለሚቀራረቡ፣ የምለው ነገር ለአብዛኞቹ ይሆናል።

ሻጭ ማሽን ሲያሳይ ቀድሞ የሚጠራው ዋቱን ነው፤ ገዢም ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው በዋቱ ነው። በእነዚህ ወራት ያየሁት ግን ጉልበቱ ለቤት ዕቃ ሥራ ከበቂ በላይ መሆኑን፣ ማሽኑን ደኅና ወይም አደገኛ የሚያደርጉት ደግሞ የታችኛው መከለያ፣ ማሽኑ በእንጨቱ ላይ የሚያርፍበት የመቀመጫ ብረት ቀጥ ማለትና የሚቆረጠው እንጨት አደጋገፍ መሆናቸውን ነው።

ከመከለያው ልጀምር። ዲስኩ ያለ ጭነት በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል፤ ሲሰላ የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ማለት ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የትኛውም ሾፌር የማይሞክረው ፍጥነት ነው። መጋዙ ከእንጨቱ ሲወጣ ይህን ዲስክ ከሠራተኛው ጭንና ከኤሌክትሪክ ገመዱ የሚለየው በስፕሪንግ ተመልሶ የሚከደነው የታችኛው መከለያ ብቻ ነው። የእኔ ማሽን ፍሬን የለውም፤ ጣቴን ከማስነሻው ካነሣሁ በኋላ ዲስኩ ለተወሰኑ ሰከንዶች እያፏጨ ይዞራል፣ በዚያ ጊዜ መከለያው ካልተከደነ ማሽኑን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንኳ አይቻልም።

የፈረንጅ ጥድ ስቆርጥ ሙጫው ከሰጋቱራው ጋር እየተለወሰ በመከለያው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይጋገራል። ይህን ቀድሞ የሚናገረው ድምፁ ነው፤ ጤነኛ መከለያ በእጅ የሚከፈትበት ማንሻ ሲለቀቅ «ጠቅ» ብሎ ይገጥማል፣ የተጋገረበት ግን እየተጎተተ ይመጣና ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው ይቆማል። ስለዚህ ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት፣ ስፒናው ሳይሰካ፣ መከለያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ እለቀዋለሁ። ከዘገየ በደረቅ ብሩሽ አጸዳዋለሁ፤ ሙጫው ከጠነከረ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እጠርገውና በደንብ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። ዘይት አልቀባውም፤ ዘይት ሰጋቱራን ይሰበስባልና ከሳምንት በኋላ ችግሩ ብሶ ይገኛል።

በሸዋ በር በኩል የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጺ ይህን ጽዳት ቆመው አይተው «ወንድምዓለም፣ በሽቦ ብታስረው አይገላግልህም?» ብለውኛል። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ሰያፍ ሲቆረጥ ወይም ቀጭን ቅርፊት ሲላጥ መከለያው በእንጨቱ ጠርዝ ላይ እየተያዘ ሥራውን ስለሚያሰናክል፣ በየሥራ ቤቱ መከለያው ታስሮ ወይም በሚስማር ተወጥሮ ይታያል። መፍትሔው ግን ማንሻው ራሱ ነው፤ ቁርጡ ሲጀመር ብቻ በእጅ ከፍ አድርጎ፣ ዲስኩ እንጨቱን እንደያዘ መልቀቅ ይበቃል። መከለያው ታስሮ የሚሠራ ሰርኩላር በሥራ ቤቴ እንዲነሣ አልፈቅድም።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ፣ በእኛ አገር ሥራ ትልቁ ፈተና እርጥብ ባህር ዛፍ ነው። ባህር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ የሚይዘው ውጥረት ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሳይደርቅ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ጎኖች ወይ ይከፈታሉ ወይ እርስ በርስ ይጠጋጋሉ። ሲጠጋጉ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ቁርጥ ይዘጉታል። በእጅ ሰርኩላር የፊተኛው ጥርስ ከታች ወደ ላይ እየቆረጠ ሲወጣ የኋለኛው ወደ ታች ይወርዳል፤ እንጨቱ ይህን የኋላ ክፍል ሲጨብጠው ሞተሩ ዲስኩን ማዞር ያቅተውና ጉልበቱ በሙሉ ማሽኑን ወደ ላይና ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። መራገጥ የምንለው ይህ ነው፤ የሚሆነውም እጅ ከሚያስበው ፈጥኖ ነው።

ከመራገጡ በፊት ግን ምልክት አለ። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ መቀመጫው በመዳፍ ሥር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ አንዳንዴም የተቃጠለ እንጨት ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ መግፋትም ዲስኩ እየዞረ ወደ ኋላ መጎተትም ትክክል አይደለም፤ ማስነሻውን ለቅቆ፣ ማሽኑን ባለበት አጥብቆ ይዞ፣ ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በተቆረጠው ክፍል ትንሽ ሽብልቅ ይገባና ሥራው ይቀጥላል። እንደገና ሲነሣም ዲስኩ እንጨቱን ሳይነካ ሙሉ ፍጥነቱን ካገኘ በኋላ ነው የሚገባው። ረጅም ባህር ዛፍ ስሰነጥቅ አንድ ሰው ሽብልቁን ከኋላ ከኋላ እንዲያስገባ አደርጋለሁ፤ ሰውየው ግን ከማሽኑ መስመር ውጭ፣ በጎን ይቆማል። እኔም በሁለት እጅ ይዤ ከዲስኩ መስመር ወደ ግራ ፈቀቅ ብዬ እቆማለሁ።

አደጋገፉን በተመለከተ በብዙ ቦታ የሚታየው ልማድ ጣውላውን በሁለት ካባሌቶ (ባለእግር የእንጨት መደገፊያ) ላይ አጋድሞ መሀሉን መቁረጥ ነው። እንዲህ ሲደረግ ጣውላው በራሱ ክብደት ወደ መሀል ይጎብጥና ቁርጡ ከላይ ይዘጋል። ተቆርጦ የሚወድቀው ክፍል ከካባሌቶው ውጭ ሆኖ በነፃነት ዝቅ ማለት አለበት፤ ሰፊ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ አራት ሞራሌ ተነጥፎ፣ በቁርጡ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው መደገፍ አለባቸው። ከባዱ የሞተር ጎን የሚያርፈውም በማይወድቀው የእንጨቱ ክፍል ላይ ነው። አጭር ቁራጭ በእግር ረግጦ ወይም በአንድ እጅ ይዞ መቁረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ አጥብቆ የሚይዝ ሞርሳ ከሌለ ሞተር በሌለው ተራ መጋዝ ቢቆረጥ ይሻላል፣ ለአንዲት ቁራጭ የሚወስደው ጊዜም ከዚያ አይረዝምም።

የዲስኩ ጥልቀት ከእንጨቱ ውፍረት ከአንድ ጥርስ ቁመት በማይበልጥ ልክ ብቻ ዝቅ ማለት አለበት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ 65 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይቆርጣልና ሁልጊዜ በሙሉ ጥልቀት መሥራት የሚቀል ይመስላል፤ ሆኖም ለ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ያን ሁሉ ዲስክ ማውጣት ከሥር ያለውን ጭን ወይም ገመድ ከማስፈራራት በቀር ጥቅም የለውም። ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚፈነቃቀለው የላይኛው ገጽ ነው፤ ፎርማይካ የተለጠፈበት ሰሌዳ ሲቆረጥ መልካሙ ገጽ ወደ ታች ይዞራል።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ባለ24 ጥርስ ዲስክ ለሞራሌና ለጣውላ መልካም ነው፣ ለኮምፔንሳቶና ለኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጠፍጥፎ ለሚሠራው ሰሌዳ) ግን ባለ60 ጥርስ ገዝቻለሁ። ሲገዛ የመሀል ቀዳዳው ከማሽኑ ጋር መግጠሙን፣ በላዩ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት አለማነሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ሲገጠምም በዲስኩ ላይ ያለው ቀስት ከመከለያው ቀስት ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ መጠቆም አለበት። የደነዘዘ ዲስክ ሰው እንዲገፋ ያስገድዳል፣ መግፋት ደግሞ መራገጥን ይጠራል። ከፈረሰ ቤት የሚመጣ ወይራና የአርማታ ጣውላ በማግኔት ካልተፈተሸ ወደ ዲስኩ አላቀርብም፤ የተደበቀች አንዲት ሚስማር የካርባይዱን ጥርስ ነቅላ ወደ ዓይን ልትልከው ትችላለች።

ስለ መብራት ሳይነገር የእኛ አገር ግምገማ ሙሉ አይሆንም። ይህ ማሽን ማስነሻውን እንደተጫነ የሚያቆይ ቁልፍ አለው፤ ለረጅም ቁርጥ ጣት ያሳርፋል። ነገር ግን መብራት በሥራ መሀል ሄዶ ቁልፉ እንደተያዘ ከቀረ፣ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ማንም ሳይነካው ይነሣል። ስለዚህ ያን ቁልፍ አልጠቀምበትም፤ መብራት ሲጠፋም የመጀመሪያ ሥራዬ ስፒናውን መንቀል ነው። የማራዘሚያ ገመድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ሲሠራበትም ሙሉ በሙሉ ይዘረጋ፤ ተጠቅልሎ ከተተወ ይግላል። ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፣ ሳስቶም ሞተርን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ወፍራም እንጨት በተከታታይ ስሰነጥቅ ማሽኑን በየመሀሉ ያለ ጭነት ጥቂት አዞረዋለሁ፤ ዝም ብሎ ከማጥፋት ይልቅ የራሱ ማራገቢያ ፈጥኖ ያበርደዋል።

በክረምቱ ጉምና ብርድ ጋቢ ወይም ፎጣ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ መሥራት የተለመደ ነው። ከሰርኩላር አጠገብ ግን የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ፣ የሽርጥ ጫፍም ሆነ ሰፊ እጅጌ፣ መውለቅ ወይም መታሰር አለበት፤ ብርዱን ሹራብ ይችለዋል። መነጽርና የጆሮ መከላከያ የግድ ናቸው፤ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል በላይ ነው። የአፍንጫ ጭንብሉን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ከሁሉም የደቀቀ ነው።

በዕቃው ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከዲስኩ ጀርባ ቆሞ ቁርጡ እንዳይዘጋ የሚያደርገው የብረት ምላስ አልተሠራለትም፤ ለእርጥብ እንጨት ከምንም ነገር በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነበር። ሁለተኛው፣ መቀመጫው ከቀጭን ብረት ስለተሠራ በጭነት መኪና ከተጓዘ በኋላ የፊት ጠርዙ በትንሹ ጎብጧል። መቀመጫው ሲጎብጥ ዲስኩ ከመስመሩ ይዛባና በራሱ ቁርጥ ውስጥ ይታሻል፤ ከዲስኩ እስከ መቀመጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ በሜትር ለክቼ ካልተስተካከለ አላስነሣውም። ሞተሩና ገመዱ እስካሁን እንከን አላሳዩም፤ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ግን አልቆ ከውስጥ የእሳት ብልጭታ በዝቶ ስለታየ ቀይሬዋለሁ።

ለኮምፔንሳቶ፣ ለሞራሌና ለደረቀ ጣውላ ለሚሠራ ሰው ማሽኑ ዋጋውን ያወጣል። ዋና ሥራው እርጥብ ባህር ዛፍ መሰንጠቅ የሆነ ሰው ግን ጥቂት ጨምሮ ፍሬንና የብረት ምላስ ያለውን ይፈልግ፤ ሱቅ ውስጥም ዋቱን ከመጠየቁ በፊት ስፒናውን ሳይሰካ መከለያውን ከፍቶ ይልቀቀው፣ መቀመጫውንም በመስታወት ላይ አስቀምጦ መወዛወዙን ይመልከት።