«ኦርጅናል የአሜሪካ ነው» የተባልኩት ሻንደሌር ጧ አለ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ። ትናንት ማታ 18,500 ብሬ ሳሎኔ ኮርኒስ ላይ ጧ ብሎ ጠፋ።

የመርካቶን የመብራት ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። አንገታችሁ እስኪቆለመም ቀና ብላችሁ ስታዩ፣ ልጁ ከኋላ «እናቴ፣ አንቺ ብቻ ምረጪ» ይላል። መረጥኩ። ስምንት ክንድ ያለው፣ ክሪስታል የተንዠረገገበት። «ይሄ እንደሌላው አይደለም፣ ኦርጅናል የአሜሪካ ነው» ሲለኝ እኔ ሞኟ ጭራሽ ልቤ ቀለጠ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 መሆኑ ጠፍቶኝ መሰላችሁ? እህቴ ከሜሪላንድ ያመጣችልኝን የፀጉር ማድረቂያ በገዛ እጄ ያቃጠልኩ ሰው ነኝ እኮ!

ግን አበራልኝ። «ይኸው በዓይንሽ እዪ» ብሎ ሰካው። ለስለስ ያለ ወርቃማ ብርሃን። በዓይኔ ካየሁ በኋላ ምን ልጠይቅ? «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» ሲለኝም እሺ አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

ኤሌክትሪሻኑ ሲሰቅለው ግማሽ ቀን ፈጀ። «ቆይ እኔ ላብራው» ብዬ ማብሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ካየሁት በላይ ቦግ አለ፣ ጧ፣ ከዚያ ጨለማና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ኤሌክትሪሻኑ ድራይቨሩን፣ ያቺን ለመብራቱ ኃይል የምታስተካክለውን ሳጥን፣ ሲፈታው ውስጧ ካሉት ካፓሲተሮች (ኃይል የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ጣሳ መሳዮች) የአንዷ አናት አብጦ ተተርትሯል። ጎኗ ላይ 200 ቮልት ይላል። መብራቱ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ስለሚል የሚያርፍባት የሞገዱ ጫፍ ነው፤ በአሜሪካው 120 ቢሆን 170 ገደማ ነበር፤ በእኛው 220 ግን 310 ይደርሳል አለኝ። «እሷ ምን ታድርግ» አለ፣ እንደ ሰው አዝኖላት።

ዛሬ ጠዋት ተሸክሜው ተመለስኩ። ልጁ ባልና ሚስት ይዞ ያንኑ ዓይነት ሻንደሌር እያበራ ነበር። «ይኸው በዓይናችሁ እዩ።» ያችኑ ቃል። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ከመደርደሪያው ጀርባ ወረደ፣ ጠረጴዛው ስር ገባ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ስታቢላይዘር። ፊቱ ላይ ሁለት ሶኬት አለው፤ አንዱ ላይ 220፣ ሌላው ላይ 110 ተጽፏል። ገመዱ የተሰካው 110ው ላይ ነው። ስገዛም እኮ እዚያው ቆሜ ነበር! የስታቢላይዘሩን ጉርምርምታ ሳይቀር ሰምቼ፣ «መብራት ስለሚዋዥቅባቸው ነው» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

«ይሄ 110 ነው!» ብዬ ስጮህ ልጁ ገመዱን በእግሩ ገፋ አደረገው። ባለቤቱ ከካልኩሌተሩ ቀና እንኳ አላለም። «እህቴ፣ ሲበራ አይተሽ ነው የወሰድሽው። የሰፈርሽ መብራት ኃይለኛ ከሆነ እኛ ምን እናድርግሽ?»

የሰፈሬ መብራት!

ቀጥሎ ደግሞ፣ «ከፈለግሽ ስታቢላይዘር ግዢበት፣ እኛም ጋ አለ።» ልጁ ሳቀ። ደረሰኝ ሲለኝ ምን ልበል? ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቀሰረልኝ። ባልና ሚስቱ ግን ሳይገዙ ውልቅ አሉ። ከዛሬው ጠዋት ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው።

ለማንኛውም፣ የአሜሪካ ነው ካሏችሁ ድራይቨሩን ገልብጡና ቁጥሩን አንብቡ። 220-240 ወይም 100-240 ካላለ ተዉት። ግድግዳ ሶኬት ላይ ያብሩላችሁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ቅዳሜ ሻንደሌሩን ሊያዩ ቡና የጠራኋቸው ጎረቤቶቼ ይመጣሉ። የድሮዋን አምፖል መልሰን ሰቅለናታል።