ለትምህርት ቤታችን የጽዳት ኃላፊ ምስጋና፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት ታታሪ ሴት ለማመስገን ነው። ልጆቼ በሚማሩበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራውን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ "እትዬ" ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ሥራቸውን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ቆሻሻን ለይቶ መያዝና መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ለምታስቡ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከልቤ እጠቁማቸዋለሁ።

ጉዳዩ መጀመሪያ በወላጅ ኮሚቴ ሲነሳ የሁሉም ሐሳብ ባለ ቀለም ቅርጫቶች መግዛት ነበር። ገንዘብ ማሰባሰብ ልንጀምር ስንል እትዬ እጃቸውን አወጡ። "በቀን የምንጥለው ምን ምን ነው? ከለየነውስ በኋላ ማን ይወስደዋል?" ብለው ጠየቁ። መልስ ያለው ሰው አልነበረም። ግዢው እንዲቆይ ተወሰነ። ለዚህች ጥያቄ ብቻ እንኳ ትልቅ ምስጋና ይገባቸዋል።

ከዚያ የአንድ ሙሉ ቀን ቆሻሻ ሳይወጣ እንዲያድር አደረጉ። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰፊ ሸራ ተነጠፈ። ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ጓንትና ጭምብል አድርገው ቆሻሻውን በየዓይነቱ ከመሩት። የሳይንስ መምህሩ ሚዛን ይዘው መጡ። ብዙ ሰው የጠበቀው ፕላስቲክ ይበዛል ብሎ ነበር። ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግን ከሁሉም የከበደው የምግብ ትራፊ ሆነ። ወረቀት ተከተለው። ፕላስቲክ ዓይን ይሞላል፣ ቦታ ይይዛል እንጂ ክብደቱ ትንሽ ነው። የባዶ ጠርሙስ አብዛኛው ክፍል አየር ነው።

ይህ ውጤት ዕቅዱን ከሥሩ ቀየረው። የምግብ ትራፊ ካልተለየ ሌላውን መለየት ከንቱ ድካም ነው። ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ ፕላስቲኩን ያቆሽሸዋል፣ ጆንያው ሲከፈት ሽታው ሰው ያባርራል። ስለዚህ ሥራው ከመመገቢያው በር ተጀመረ። እዚያ የምግብ በርሜል ተቀመጠ። አጠገቡ ደግሞ የተረፈ መጠጥና ውኃ የሚደፋበት ባልዲ። ባልዲዋን ያሰበ ሌላ ሰው አልነበረም። ግማሹ የተጠጣ አንድ ጠርሙስ ጆንያ ሙሉ ወረቀት እንደሚያበላሽ የሚያውቀው ጆንያውን የሚሸከመው ሰው ነው።

ቅርጫት አቀማመጥ ላይ ጥብቅ ናቸው። ብቻውን የቆመ ቅርጫት አይፈልጉም፤ ያገኘው ሁሉ ሁሉንም ነገር ይከትበታላ። በየመተላለፊያው የወረቀቱ፣ የፕላስቲክና የጣሳው፣ የሌላው ቆሻሻ ቅርጫት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የወረቀት ካርቶን ብቻ ነው። የወረቀቱ ክዳን ረዘም ያለ ቀጭን ክፍተት አለው፤ የጠርሙሱ ክብ ቀዳዳ። እጅ ገና ሲዘረጋ የት እንደሚገባ ያውቃል። በየክዳኑ ላይም ትክክለኛው ዕቃ ተለጥፏል፦ እውነተኛ ጣሳ፣ እውነተኛ መጠቅለያ። ማንበብ ያልጀመሩት ሕፃናት እንኳ አይቸገሩም።

ስለ ወረቀት ብዙ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት ለብቻው ይቀመጥና ለረቂቅና ለሥዕል ይውላል። ሁለቱም ገጹ ያለቀው ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ለሰብሳቢዎች ይሄዳል። የስቴፕለር ሽቦ ችግር የለውም፤ ፋብሪካው ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ሲያላላው ተለይቶ ይወጣል። ቅባት የነካው ወረቀት ግን አይሆንም። ሶፍትም አይሆንም፤ ጭረቶቹ፣ ማለትም ወረቀቱ የተሠራባቸው ቀጫጭን ክሮች፣ አጫጭር ስለሆኑ አዲስ ወረቀት አይወጣቸውም። ደህና ወረቀት ራሱ መልሶ የሚሠራው ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው። በየዙሩ ጭረቱ እያጠረ ይሄዳል። ለዚህ ነው እትዬ ከመሰብሰቡ በፊት አጠቃቀሙ ይቀንስ የሚሉት። የቢሮ ማተሚያዎች ሁሉ በሁለት ገጽ እንዲያትሙ የተደረገው በእሳቸው ጥያቄ ነው።

ፕላስቲኩ ላይ ያደረጉት ነገር ደግሞ ቀላል ነው፤ ስልክ ደወሉ። የሚሰበስቡትን ሰዎች "የትኛውን ነው የምትወስዱት?" ብለው ጠየቁና በዚያው ልክ ለዩ። ብዙ ሰው ጠርሙስ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ካየ መልሶ ይሠራል ብሎ ያምናል። በውስጡ ያለው ከ1 እስከ 7 ያለ ቁጥር ግን የሚነግረን የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ ነው። የውኃና የለስላሳ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነው። የሳሙናና የሻምፑ ጠንካራ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 2። እነዚህ ሁለቱ በቀላሉ ወሳጅ ያገኛሉ። ቁጥሮቹ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ዙሪያቸውን ተከታትለው የሚዞሩ ቀስቶች ነበሯቸው። ሰውን ያሳስታል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀስቶቹ በተራ ሦስት ማዕዘን እንዲተኩ ተወስኗል። አሮጌው ምልክት ግን አሁንም ብዙ ዕቃ ላይ አለ።

ስለ ቀስቶቹ ካነሳሁ አይቀር፣ የሥነ ጥበብ መምህሯ ለተማሪዎቹ የነገረቻቸውን ልጨምር። ዓለም የሚያውቀውን የሦስት ቀስቶች ምልክት እ.ኤ.አ. በ1970 የሠራው ጋሪ አንደርሰን የሚባል የ23 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለውድድር ነበር ያቀረበው። ይህን የሰሙ ልጆች የራሳቸውን ቅርጫት ምልክት ለመሳል እንዴት እንደተሻሙ ብታዩ!

ጣሳ ከተገኘ እትዬ ደስታቸው ይጨምራል። እውነታቸውን ነው። አልሙኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። እንደ ወረቀት እየደከመ አይሄድም።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የኮምፖስቱ፣ ማለትም ከምግብ ትራፊና ከቅጠል የሚበሰብሰው የተፈጥሮ ማዳበሪያ፣ ሥራ ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ፣ ቁመታቸውም ያንኑ ያህል የሆኑ የጣውላ ሳጥኖች አሉ። ከዚያ ካነሰ ክምሩ ሙቀት አይዝም። አንድ ባልዲ የምግብ ትራፊ ሲገባ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል። ክምሩን የሚያበሰብሱት ተዋህስያን (በዓይን የማይታዩ ሕያዋን) ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። ናይትሮጅኑ በብዛት ከምግቡ፣ ካርቦኑ በብዛት ከደረቁ ቅጠል ይመጣል። ሥጋ፣ ወተት ነክና ቅባት አይገቡም፤ አይጥና ዝንብ ይጠራሉ።

መጀመሪያ ላይ ሽታው መምህራንን አስመርሯቸው ነበር። ይዘጋ ያሉም ነበሩ። እትዬ ክምሩን ገልብጠው አዩና አየር ማጣቱን ተናገሩ። እርጥበቱ በዝቶ ታፍኗል። አየር ያጣ ክምር ይገማል፤ ሜቴንም ያወጣል። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው። ደረቅ ቅጠልና የተቀዳደደ ካርቶን ጨመሩበት፣ በመንሽ አገላበጡት። ሽታው ጠፋ። አሁን ልጆቹ ራሳቸው በእጃቸው ጨብጠው እርጥበቱን ይለካሉ። ሲጨበጥ ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣው ደህና ነው። ቴርሞሜትር ሰክተው ሙቀቱን ይመዘግባሉ። ክምሩ በደንብ ሲሠራ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በዚያ ሙቀት የአረም ዘርና አብዛኛው በሽታ አምጪ ተዋህስ ይሞታል። የሳይንስ ክፍለ ጊዜ እዚያ ሲሆን የልጆቹን ፊት ማየት ነው። የደረሰው ኮምፖስት ለግቢው አትክልት ይውላል።

ያለቀ ባትሪ፣ የተሰበረ አምፖልና የላቦራቶሪ ኬሚካል ተለይቶ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ባትሪ ሲጨፈለቅ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል አጥብቀው ይቆጣጠራሉ። ቆሻሻ ግቢ ውስጥ ማቃጠልም ቀርቷል። ፌስታልና ሌላ ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣውን ጭስ የሚተነፍሱት ልጆቻችን ናቸው። ፒቪሲ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ካለበትማ ዳይኦክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ ይወጣል።

ስለ ጠባያቸው አንድ ነገር ልበል። ልጅ ሲሳሳት አይጮኹበትም። ጠርተው "ና እስኪ፣ ይሄ የት ነበር የሚገባው?" ይሉታል። ልጁ ራሱ አውጥቶ ቦታው ይከተዋል። በየሳምንቱ ከየክፍሉ የሚመደቡ ተረኞች አሏቸው፤ ሥራውን ሲያስረክቡ እጃቸውን ጨብጠው ያመሰግኗቸዋል። ጽዳት የቅጣት ሥራ እንዳይሆን ርዕሰ መምህሩን ያሳመኑትም እሳቸው ናቸው። ያረፈደ ተማሪ ግቢ ይጥረግ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም። በእኔ እምነት ከቅርጫቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥቆማው። እትዬ ከሥራ ውጭ ባሉ ቀናት ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሄደው ለማሳየት ፈቃደኛ ናቸው። የቆሻሻ ምዘናውን ከተማሪዎቻችሁ ጋር ያካሂዳሉ፣ ቅርጫቶቹ የት እንደሚቆሙ ዞረው ያያሉ፣ የመጀመሪያውን የኮምፖስት ክምር አብረዋችሁ ይሠራሉ። የራሳችሁ የጽዳት ሠራተኞች እንዲገኙ ይፈልጋሉ፤ ያለ እነሱ አይጀምሩም። አንድ የማሳስበው ነገር አለ። የሚሰጡት ሙያ ነውና የጊዜያቸውን ዋጋ ክፈሏቸው። ለአማካሪ የሚከፈል ገንዘብ ካለ ለእሳቸውም አለ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። መልእክታችሁ ላይ የተማሪ ብዛት፣ ምግብ ግቢ ውስጥ ይበላ እንደሆነ፣ ለኮምፖስት የሚሆን ባዶ ቦታ መኖሩን፣ ወረቀትና ፕላስቲክ የሚወስድላችሁ ሰው ካለም ጥቀሱልኝ። እሳቸው እነዚህን ሳያውቁ ቀጠሮ አይዙም።