ፋይበር ብለው የስልክ ሽቦ ሸጡልኝ፤ ሳትፈርሙ አንብቡት

ቤቴ ውስጥ ኢንተርኔትን በብርሃን የምታመጣ አንዲት የፋይበር (የመስታወት) ክር የለችም። ውሌ ላይ ግን «ፋይበር» የማይል ገጽ የለም። ደረሰኙ «ፋይበር» ይላል፣ የሞደሙ ካርቶን «ፋይበር» ይላል፣ ስልኬ ላይ ደግሞ «እንኳን ወደ ፋይበር ቤተሰብ በደህና መጡ» የሚል መልእክት ተቀምጧል። ከግድግዳዬ የሚወጣው ያው የድሮው የስልክ ሽቦ ነው። ለዚህ ሽቦ 24 ወር ሙሉ የፋይበር ዋጋ ልከፍል ነው። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈውም ሆነ ብዬ ነው፤ ከበረደልኝ ቃል እየመረጥሁ ላለሳልስላቸው እችላለሁ፣ እነርሱ ደግሞ ያ አይገባቸውም።

አሻሻጩን ታውቁታላችሁ። ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የሚደውለው፣ ስማችሁን በየዓረፍተ ነገሩ የሚጠራው፣ «ቅናሹ ዛሬ ያበቃል» ብሎ በማግስቱም ያንኑ ቅናሽ ለጎረቤታችሁ የሚያቀርበው። ስለ እርሱ ብዙ አላወራም። የጠየቅሁትን ግን ልናገር፣ ምክንያቱም ጥያቄዬ ግልጽ ነበር። የምሠራው ከቤት ነው፤ ትልልቅ የሕንፃ ንድፍ ፋይሎችን እልካለሁ፤ በድሮው ኤዲኤስኤል፣ በስልክ ሽቦ በሚመጣው ኢንተርኔት፣ አንድ ፋይል እስኪሄድ እጄን አጣምሬ እቀመጥ ነበር። ስለዚህ «ፋይበሩ እስከ ቤቴ ይገባል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እርስዎ ምንም አያስቡ፤ አካባቢዎ ሙሉ በሙሉ ፋይበር ሆኗል» አለኝ። ስለ ቤቴ ተጠይቆ ስለ አካባቢዬ መለሰ። እንዲህ ያለ መልስ በድንገት ከአፍ አይወጣም፤ ተጽፎ የተሰጠውን ያነበበልኝ ይመስለኛል።

ባለሙያው በሚመጣበት ቀን ቤቱን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። የፋይበር ገመድ ከውጭ ተስቦ፣ ግድግዳ ተበስቶ፣ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ትንሽ ሳጥን እንደሚሰቀል አውቃለሁ። የመጻሕፍት መደርደሪያውን ከግድግዳው አርቄ፣ ለአቧራው ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፌ ነበር። ሰውየው መጣ። መሰላል የለውም። መሰርሰሪያ የለውም። የተጠቀለለ ገመድ የለውም። ብብቱ ሥር አንድ ካርቶን ብቻ ይዟል። ሌላው ዕቃ መኪናው ውስጥ ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ።

«የስልኩ ሶኬት የት ነው?» አለኝ።

አሳየሁት። ተንበረከከ፤ የድሮውን ሞደም ከገመዱ ነቅሎ ወደ ጎን ገፋው። ካርቶኑን ከፍቶ አዲሱን አወጣ። ከዚያም ከግድግዳው የተንጠለጠለውን ያንኑ አሮጌ፣ ብጫ የሆነ የስልክ ገመድ አነሣና አዲሱ ሞደም ላይ ሰካው። ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን አዲስ ገመድ እንኳን ከላስቲኩ አላወጣውም። ፖስታ ላይ ቴምብር የመለጠፍ ያህል ጊዜ ቢወስድበት ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ሰውየው ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና «አለቀ፤ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለ።

«ፋይበሩስ?»

በመስኮቱ በኩል በአገጩ ወደ መንገዱ ጠቆመኝ። «እዚያ ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው።»

«እኔ የገዛሁት እስከ ቤቴ የሚገባውን ነው።»

«እሱን ከሽያጭ ክፍል ጋር ይነጋገሩ። እኔ የታዘዝሁት ሞደም እንድቀይር ነው» ብሎ የሥራ ትእዛዙን ዘረጋልኝ። አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ «የሞደም ቅያሪ» ይላል፤ ፋይበር የሚል ቃል የሌለበት ብቸኛው ወረቀታቸው ይኸው ነው። ሻጩ ያውቅ ነበር፣ ትእዛዙን የጻፈው ያውቅ ነበር፣ ባለሙያውም ያውቅ ነበር። ያልተነገራት ከፋይዋ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋይበሩን መንገድ ዳር እስከሚቆመው ሳጥን ድረስ ይዘረጉታል። ከሳጥኑ እስከ ቤታችሁ ያለውን የመጨረሻ ርቀት ግን ድሮ ለስልክ ተብሎ በተቀበረው መዳብ ላይ ይተዉትና ቪዲኤስኤል በሚባል ዘዴ መረጃውን ይጭኑበታል። ሁለት ሽቦ እርስ በርሱ አጠማዝዞ ድምፅ ማስተላለፍ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ነው። «የነገው ቴክኖሎጂ» ተብሎ የተሸጠልኝ እርሱ ነው። ዘዴው በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ቤቱ ሳጥኑ አጠገብ የሆነ ሰው በሰከንድ እስከ 100 ሜጋቢት ሊያገኝበት ይችላል። መዳብ ግን ርቀት አይችልም። ከጥቂት መቶ ሜትሮች በኋላ ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል። ሳጥኑ ከእኔ ቤት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የመስመሩ ርዝመት ደግሞ መዝገባቸው ላይ ያለ ነገር ነው፤ ሊነግሩኝ ከፈለጉ ገና በስልክ ሳለን ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር። ውሌ «እስከ 100 ሜጋቢት» ይላል። የሞደሙ የሁኔታ ገጽ 26 ያሳያል፤ ለመላኪያ ደግሞ 4። እዚያው ገጽ ላይ የመስመሩ ዓይነት «ቪዲኤስኤል2» ተብሎ ተጽፏል። የራሳቸው ሞደም ነው የመሰከረባቸው።

«ከድሮው ይሻልሻል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። ዝናብ እስኪጥል ድረስ ይሻለኛል። የድሮው መስመር፣ ኤዲኤስኤል2 ፕላስ የሚባለው፣ ምልክቱን የሚልከው ቢበዛ እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ በሚደርስ ድግግሞሽ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ነው። አዲሱ እስከ 17 ሜጋኸርዝ ይወጣል። ከፍ ያለው ድግግሞሽ ደግሞ ለእያንዳንዱ እንከን ስስ ነው። ከመሬት በታች የሆነ ቦታ የዛገ ወይም ውሃ የሚገባው የሽቦ መገጣጠሚያ አለ መሰለኝ፤ ዝግተኛው መስመር ችሎት ይኖር የነበረውን እርጥበት ይህኛው አልቻለውም። ዝናብ ሲጥል ሞደሙ ግንኙነቱን ይለቃል፣ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ እንደገና ይለቃል። ዝግተኛ መስመር ላይ ፋይል ይዘገያል እንጂ ይደርሳል። በሚቆራረጥ መስመር ግን እንደገና ከዜሮ ነው።

በዚህም አላበቃም። የቤት ስልኬ ድሮ መብራት ሲጠፋ ይሠራ ነበር፤ የመዳብ ስልክ ኤሌክትሪኩን በዚያው ሽቦ ከስልክ ማዕከሉ ስለሚያገኝ ነው። አሁን ስልኩን ወደ ሞደሙ አዛውረውታል፤ መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይጠፋል፣ ስልኩም አብሮ ይጠፋል። ይህ የእውነተኛውም ፋይበር ጉድለት ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አይሸከምም፤ ግን እዚያ ቢያንስ በምትኩ የሚገኝ ነገር አለ። እኔ የመዳብን ጥቅም አስረክቤ የመዳብን ችግር ይዤ ቀርቻለሁ።

ወደ ቅርንጫፍ ቢሯቸው ሄድሁ። ወረፋውን፣ «ሲስተም የለም» የሚለውን፣ ከመስኮት መስኮት መላኩን ታውቁታላችሁና ልለፈው። ሲሸጡልኝ «እርስዎ» ነበርሁ፤ እዚያ መስኮት ላይ «አንቺ» ሆንሁ። ልጅቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ ሰማችኝና «ቆይ፣ አንቺ የምትፈልጊው ፍጥነት ነው ወይስ ገመድ?» አለች። አጠገቧ ወደተቀመጠችው ባልደረባዋ ዞራ ፈገግ አለች፤ ያችኛዋም ፈገግ አለች።

«ፍጥነቱም የለም» ብዬ የሞደሙን ገጽ ፎቶግራፍ በመስኮቱ አስገባሁላት።

«እስከ 100 ነው የሚለው። 26 ከ100 በታች አይደል? እንግዲያው ውሉ ውስጥ ነው።»

ይህን ስትል አልቀለደችም። ለልጅ ሒሳብ እንደሚያስረዳ ሰው ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ነው ያሳየችኝ። በዚህ ስሌት አንድ ሜጋቢት ቢሰጡኝም ውሉ ተከብሯል ማለት ነው።

ኃላፊ ጠየቅሁ። ኃላፊው መጣ፤ ቆሞ፣ በእጅ ስልኩ መልእክት እየጻፈ አዳመጠኝ። ስጨርስ «አገልግሎቱ ፋይበር ነው። ገመዱን አልሸጥንልዎትም» አለኝ። ወደ ድሮው ጥቅሌ መልሱኝ አልሁት፤ «እርሱ ለአዲስ ደንበኛ ተዘግቷል»። ታዲያ እኔ አዲስ ደንበኛ ነኝ? «ወደ ፋይበር ሲዛወሩ የድሮው ውልዎ አብቅቷል»። ውሉ ያለ ቅጣት የሚሰረዝበት ጊዜ ነበረው፤ የሚቆጠረው ግን ከፈረምሁበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ባለሙያውን የላኩልኝ ደግሞ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሳላየው እንድሰርዘው ነበር የሚፈለገው። ይህንንም ነገርሁት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ከዚያም የምር ያቃጠለኝን ነገር አደረገ። ከመደርደሪያው አንድ የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት አወጣና በመስኮቱ ገፋልኝ። «እስከ ቤት የሚገባ ሙሉ ፋይበር» ይላል።

«እርስዎ የሚሉት ይህንን ነው። ይህ ሌላ ጥቅል ነው። እርስዎ መንገድ ላይም አለ። ውልዎ ሲያልቅ ማመልከት ይችላሉ፤ አሁኑኑ ከፈለጉ ደግሞ የማቋረጫ ቅጣቱን ከፍለው።»

መንገዴ ላይ አለ! በስልክ የጠየቅሁት ነገር፣ በዚያው ድርጅት፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቀን ነበረ። እንድገዛው አልነገሩኝም። ለምን? የእኔ ግምት ይህ ነው፤ ሙሉ ፋይበር ቆፍሮ፣ ገመድ ስቦ፣ ባለሙያ ግማሽ ቀን አሠርቶ ነው የሚገባው፤ የእኔ ግን ሞደም በካርቶን ከመላክ የዘለለ አላስወጣቸውም። ከሁለቱ የወር ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት በራሪ ወረቀቱ ላይ አየሁት። ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ነው ጭራሽ ያናደደኝ።

ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ደንብ የመጨረሻው መስመር ፋይበር ካልሆነ ማስታወቂያው ይህንኑ በግልጽ እንዲናገር አስገደደች። ጣሊያን በ2018 በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ምልክት ለየችው፤ አረንጓዴው ለእውነተኛ ፋይበር፣ ቢጫው እንደ እኔ ላለው ድቅል፣ ቀዩ ለመዳብ። በብሪታንያም ኦፍኮም የተባለው ተቆጣጣሪ ከ2024 ጀምሮ «ፋይበር» የሚለውን ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋይበር ለሆነ መስመር ብቻ እንዲጠቀሙበት አዟል። ይህ ሁሉ መንግሥት በአንድ የማስታወቂያ ቃል ላይ ደንብ ያወጣው የተታለለው ብዙ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት ግን ሻጩ የፈለገውን ስም ይለጥፋል።

ፋይበርን ራሱን እየከሰስሁ አይደለም። እውነተኛውን ካገኛችሁ ከመዳብ ቀይሩ። የብርሃን መስመር ውሃ አያስደነግጠውም። በቤቶች ላይ የተለመደው ጂፖን የሚባለው ዘዴ ከማዕከሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የእኔ አንድ ኪሎ ሜትር ለእርሱ ምንም ነው። በሰከንድ 2.5 ጊጋቢት (2,500 ሜጋቢት) ገደማ ይወርድበታል፤ እርግጥ ያ ለእናንተ ብቻ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ቤት ይካፈለዋል። ቢሆንም ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከመዳብ ጋር አይወዳደርም። ስልካችሁ በመብራት መጥፋት ጊዜ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ብቻ የመጠባበቂያ ባትሪ አብራችሁ አስቡ።

ለመግዛት ለምታስቡ፦ «አካባቢዎ» የሚል መልስ አትቀበሉ። «ግድግዳዬን በስቶ የሚገባው መስታወት ነው ወይስ መዳብ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የሚሰረዝበት ጊዜ ሳያልፍ ባለሙያ እንዲመጣ ቀጠሮ አስይዙ። ሰውየው ያለ መሰርሰሪያ ከመጣና የስልክ ሶኬት ከጠየቃችሁ የድሮውን ሞደም ሳይነቅል አስቁሙት። ወረቀቱ ላይም አትፈርሙ።