ጅሬን መውጫ ላሉት የሂሳብ መምህር ምስጋናዬ ይድረስ

ጅማ ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ልጄ የ2017ን ማትሪክ አልፋለች! ከ600ው ከግማሽ በላይ አምጥታ ያለ ሪሚዲያል (ያለ ማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ ገባች። ውለታው ወደ ጅሬን መውጫ ባለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የአንድ የሂሳብ መምህር ነው። ስሜን እንዳትጠሪ ብለውኛል። ሰፈሩን ጠይቁ፣ ያውቃቸዋል።

ከዚያ በፊት የነበርንበትን የግል ትምህርት ቤት አልጠራውም። ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ክፍያ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ስብሰባ የሚጠሩን ለክፍያ ነው፣ ካርዱ ላይ ዘጠና ምናምን፣ ደረጃ አንደኛ ወይ ሁለተኛ፣ እኛም ደስ ብሎን ስንሸልም። አሥረኛ ክፍል ሆና ታናሽ ወንድሟ ክፍልፋይ አስረጂኝ ቢላት አቃታት። ሄጄ ብጠይቅ «ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ሌላ ምን ፈለጉ?» ተባልኩ። ብሩስ ይሁን፣ የልጄ ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዜናውም ያስፈራ ነበር። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። የካርድ ዘጠና እዚያ ምን ሊሠራ!

ዘመድ ሁሉ «የመንግሥት አስገብተሽ ልታበላሻት ነው?» እያለኝ አሥራ አንደኛ ላይ አዛወርኳት። የመጀመሪያውን የሂሳብ ፈተና ወደቀች። መምህሩ አስጠሩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጡኝና «ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ሳትማረው የታለፈ ነገር አለ፣ ከዘጠነኛ እንጀምርላታለን» አሉኝ። ወደ እሷ ዞረው «ትችያለሽ፣ ብቻ ሳይገባሽ ገባኝ እንዳትዪኝ» አሏት። ልጄ እዚያው አለቀሰች። እንደዚያ ብሎ ያናገራት ሰው አልነበረማ። ከዚያ በኋላ ደብተር ይዛ ስትቀመጥ ጨርሺ የሚላት አላስፈለገም።

ምን እንዳስተማሯት አትጠይቁኝ፣ ሂሳቡ አይገባኝም። የማውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ እንደሚሰጡ ነው፣ በነፃ። ዝናብ ከያዘ (የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ) ሴቶቹን አስፋልቱ ድረስ ሸኝተው ባጃጅ ሳያሳፍሩ አይመለሱም። ብር በፖስታ ይዤ ብሄድ አሻፈረኝ አሉ። ከአጋሮ የመጣ ቡና ብወስድ ተቀብለው ለመምህራኑ ሁሉ አስፈሉት። እንዲህ ያለ ሰው አለ!

በ2017 እንደ አገር ያለፈው ከመቶ 8.4 ነው። ልጄ ከእነዚያ ውስጥ ናት፣ አሁንም ሳስበው እንባዬ ይመጣል። የክፍሏ ልጆች ሁሉ አላለፉም፣ ያለፉት ግን እነዚያው ቅዳሜ የማይቀሩት ናቸው።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ላኩ። ከሌላ ትምህርት ቤት ቢመጡም አይመልሷቸውም። አሥራ ሁለተኛ እስኪደርሱ አትጠብቁ፣ መምህሩም የሚሉት እሱኑ ነው፣ ከዘጠነኛ ይምጡልኝ ይላሉ። ደብተርና እስክሪቢቶ ይበቃል። ቦታው ለጠፋበት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እኔው ወስጄ አሳየዋለሁ። ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የልጆችዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎ።