ለዐቃቤ ሕግ ቃለ መጠይቅ ለምትዘጋጁ፦ እትዬን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህ ጽሑፍ ምስጋናም ጥቆማም ነው፤ ትንሽ ይረዝማል። ሕግ ተመርቃችሁ፣ የዐቃቤ ሕግ ክፍት የሥራ ቦታ ወጥቶ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋችሁ፣ አሁን «ቃለ መጠይቁ ላይ ምን ይጠይቁኝ ይሆን» እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ካላችሁ ለእናንተ ነው። የማይመለከታችሁ ደግሞ ለምታውቁት ተመራቂ አጋሩልኝ።

በቅርቡ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከፈጣሪ ቀጥሎ የማመሰግናቸው አንዲት ጡረታ የወጡ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። «ስሜን ለጥፈሽ አገር እንዳትሰበስቢብኝ፤ የሚፈልገኝ ሰው ጠይቆ ይመጣል» ነው ያሉኝ። ስለዚህ ሁላችንም እንደምንጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ።

እትዬ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ወንጀል ችሎት ሲመላለሱ ነው። አሁን ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዷ፣ ከኋላ በኩል ጠባብ ክፍል አለቻቸው። በሥራ ቀን ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው ሲመጣ አቤቱታውን አይተው ያርሙለታል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ልጆችን ይቀበላሉ። ማስታወቂያ የለ፣ ቲክቶክ የለ፣ ሰርተፊኬት የለ። አንድ ጠረጴዛ፣ ፕላስቲክ ወንበሮችና ጠርዛቸው የተበላ የሕግ መጻሕፍት ናቸው ያሉት።

እሳቸው ጋ እንደ ተማሪ ከመለሳችሁ አይሰሟችሁም። ገና እንደተቀመጥን አንዱን ልጅ ስለ ወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ጠየቁት። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች (የሕጉ ክልከላ፣ ድርጊቱና የአድራጊው ሐሳብ) ባንድነት ካልተሟሉ ወንጀል ተፈጸመ አይባልም ብሎ ሳይደናቀፍ ተወጣው። «ጎሽ! ይህንን ለመምህርህ ንገርልኝ። እኔ አሁን መዝገብ ልስጥህ» አሉት።

መዝገቡ ይህ ነበር። አንድ ሰው የተበላሸ ስልኩን ለሞባይል ጠጋኝ ይሰጣል፤ ጠጋኙ ስልኩን ሸጦ ብሩን ይበላል። ምን ብለን እንከሰው? አንዱ ስርቆት ነው፣ አንቀጽ 665 አለ። እኔ እምነት ማጉደል፣ 675 አልኩ። ከጎኔ ያለችው አታላይነት፣ 692 አለች። ክርክሩ ሲሟሟቅ እትዬ ዝም ብለው መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩና ጥያቄ ጀመሩ። ስልኩን ማን ለማን ሰጠው? ሲሰጠው ምን እንዲያደርግለት ብሎ ነው? የመሸጡ ሐሳብ መቼ መጣበት?

በነዚህ ጥያቄዎች ሦስቱም አንቀጽ ቦታ ቦታውን ያዘ። ባለቤቱ አምኖ እንዲጠገንለት ከሰጠውና ጠጋኙ በኋላ ልቡ ተነሥቶ ከሸጠው እምነት ማጉደል ነው። ከመጀመሪያው የጥገና ሙያም ሱቅም ሳይኖረው ጠጋኝ ነኝ ብሎ አሳስቶ ከተቀበለው አታላይነት ነው። ባለቤቱ ሳይሰጠው ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ ከሄደ ደግሞ ስርቆት ነው። ተገላገልን ስንል መጣብን፤ «እሺ፣ ሐሳቡ መቼ እንደመጣበት በምን ታስረዱልኛላችሁ?» ሁላችንም ዝም። ስልኩን የገዛው ሰው የትኛውን ቀን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደገዛ ቃሉን ሰጥቷል? በተቀበለ በሰዓቱ ከሸጠው አንድ ነገር ይጠቁማል፤ ከወር በኋላ ከሸጠው ሌላ። ሱቁ ፈቃድ አለው? ከባለቤቱ በስተቀር ርክክቡን ያየ አለ? የገዛውስ ሰው ምስክራችን ነው ወይስ ሁለተኛ ተከሳሽ? ማስረጃው ከሁለቱ አንቀጽ በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ በእውነት የሚያጠራጥር ከሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 113 አማራጭ ክስ ይፈቅዳል። «ግን መዝገብ ላለማንበብ ብላችሁ 113 ሥር እንዳትደበቁብኝ» ይላሉ።

እውነተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ የቀረበልኝ ጉዳይ ይህ አልነበረም፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ፍሬ ነገሩ፣ ቀጥሎ ሕጉ፣ ከዚያ ማስረጃው፣ በመጨረሻ ውሳኔው። ከዚህ ቅደም ተከተል ካልወጣችሁ አንቀጽ ቁጥር ቢጠፋችሁ እንኳ አትወድቁም። «ቁጥሩ ለጊዜው አልመጣልኝም፤ ድንጋጌው የሚለው ግን እንዲህ ነው» ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጠያቂዎቹም ፊታቸው አልተቀየረም።

ቀጥሎ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ ይላሉ። በኮምፒውተር አይደለም፣ በእጅ። ያንኑ የስልክ ጉዳይ የክስ ማመልከቻ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ሕጉን የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ክስ የምንጽፈው ግን በአማርኛ ነውና እዚህ ላይ ብዙ ጎበዝ ይንገዳገዳል። አንቀጽ 111 ክስ ላይ ምን ምን መስፈር እንዳለበት ይዘረዝራል፤ እትዬ በዚያ እያመሳከሩ በቀይ ያርማሉ። «ተከሳሽ በግምት ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ሲሆን» ብላችሁ ቀኑን ከረሳችሁ ወረቀቱ ይመለሳል። «ልዩ ቦታው» ብላችሁ ክፍለ ከተማና ወረዳ ካልጠቀሳችሁ ይመለሳል። «ሆን ብሎ» ሳትሉ የታሰበ ወንጀል ከከሰሳችሁማ ጉድ ፈላ። የኔ ወረቀት ከጽሑፌ ይልቅ ቀይ መስመሩ በዝቶበት ነበር፤ እስካሁን አልጣልኩትም።

የሁላችንም ተወዳጅ ክፍል የምስክር ጥያቄ ነው። ምስክር የሚሆነው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። ምስኪን፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወይ ስልክ ሲሰረቅ አይቷል፣ ወይ የመኪና አደጋ ቦታ ቆሞ ነበር። እኔ የዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጌ አቆምኩትና «ተከሳሹ ስልኩን ለገዢው ሲሰጥ አይተሃል፣ አይደል?» አልኩት። ልጁ ወደኔ እንኳ ሳይዞር «እትዬ፣ እየመራችኝ ነው» አላቸው! ሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ልጅ በዋና ጥያቄ ላይ መሪ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ፣ እንደማይፈቀድ ያውቃል። መሪ ጥያቄ የተቃራኒ ወገንን ምስክር ለምንጠይቅበት ለመስቀለኛ ነው፤ የራስን ምስክር «ምን አየህ? ከዚያስ?» እያሉ ነው ማስኬድ። አንቀጽ 137ን እዚያች ክፍል ውስጥ ያጠና ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ሻይ ሲመጣ ፈጣን ጥያቄ ይጀመራል። አርብ ማታ የተያዘ ሰው 48 ሰዓቱ መቼ ያልቃል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የሚቀንሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገውን ተገቢ የጉዞ ጊዜ እንጂ ቅዳሜና እሁድን አይደለም፤ ስለዚህ ተረኛ ችሎት ይቀርባል። ፖሊስ ምርመራ ለመጨረስ የጊዜ ቀጠሮ ሲጠይቅ ጣሪያው ስንት ነው? በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ጣሪያ ነው እንጂ የግድ የሚሰጥ ድርሻ አይደለም። የምርመራ መዝገብ ለዐቃቤ ሕግ ሲደርስ ክስ በስንት ቀን? በ15። ዋስትና ላይ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 63 የምትጠቅሱ ደግሞ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ አውርታችሁ ስለ ተጎጂው የመሞት ዕድል ከዘለላችሁ ሻያችሁ ይቀዘቅዛል።

ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚጠየቀውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ተቋቋመ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ፍትሕ ሚኒስቴር ሆኖ ተደራጀ። ቃለ መጠይቅ ገብተው አሁንም «ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» እያሉ የሚመልሱ አሉ። ዐቃቤ ሕግ ወንጀል ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ መንግሥት በፍትሐ ብሔር ሲከስና ሲከሰስ የሚከራከርም አለ። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ አለማወቅ ግን ያሳፍራል።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ስለ ሥነ ምግባር የሚጠየቀው ነው። «አለቃሽ ማስረጃ በሌለው መዝገብ ክስ መሥርቺ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። እኔ ቆፍጠን ብዬ «በፍጹም አልከስም፤ ሥራዬን እለቃለሁ» አልኩ። እትዬ ሳቁ። «ጀግንነትሽን አልጠየቅኩሽም ልጄ። መዝገቡ ላይ የምትጽፊውን ንገሪኝ» አሉ። ከዚያ አብረን አወጣነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግ ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጣል፤ የጎደለውን ዘርዝሮ ለፖሊስ መመለስ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ተመልሶም ጥፋተኛ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ከሌለ አንቀጽ 42 ክስ እንዳይቀርብ ይላል፤ ይህንን ምክንያቱን አብራርቶ፣ በጽሑፍ፣ በስም በፊርማ አስተያየት ማስቀመጥ ነው። አለቃው ካልተስማማ እሱም በጽሑፍ ይበል። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ መጣልኝ፤ ሥራ ስለመልቀቅ ሳላነሣ የምጽፈውን ተናገርኩ።

«ለምን ዐቃቤ ሕግ መሆን ፈለግሽ?» ለሚለው «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍትሕ ሲጓደል ሳይ» ብላችሁ ከጀመራችሁ እትዬ ያዛጋሉ። በግልጽ ያዛጋሉ፣ አፋቸውን እንኳ አይሸፍኑም። አንድ የሠራችሁትን ነገር ጥቀሱ ይላሉ፤ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ስትሠሩ ያገኛችሁትን ባለጉዳይ፣ ለተግባር ልምምድ ስትወጡ ያያችሁትን ችሎት። እኔ እንደተናገርኩት የእናንተ አይሆንምና የራሳችሁን ፈልጉ።

አሁን ደስ የማይለውንም ልናገር። እትዬ ቁጡ ናቸው። ያለቀሰች ልጅ አይቻለሁ። ስልክ አያነሡም። አብረውኝ ከተዘጋጁት ውስጥ ያላለፈ ልጅ አለ፤ ከኔ የተሻለ ይመልስ የነበረ ልጅ ነው፤ ስለዚህ እሳቸው ጋ የሄደ ሁሉ ይቀጠራል አልላችሁም፣ እሳቸውም አይሉም። ስለ ፍትሐ ብሔርና ስለ ግብር ክርክር ብዙ አትጠብቁ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነገረ ፈጅ ለመሆን የምትወዳደሩ ከሆነ ውልና የሠራተኛ ሕግን ከሌላ ሰው ብታጠኑ ይሻላል። ክፍያቸው ግን አያስፈራም፤ ሥራ ለሌለው «ስትቀጠር ታመጣለህ» ይላሉ፣ አይጽፉትምም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሌላም ምክንያት ስላለኝ ነው። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «የወጣውን ጥያቄ አለኝ»፣ «ውስጥ ሰው አለኝ» የሚሉ በቴሌግራም ይፈላሉ። እኔንም አንዱ ደውሎ ብር ጠይቆኛል። ለእትዬ ስነግራቸው «ለዐቃቤ ሕግነት ጉቦ ከፍለሽ ልትገቢ? ነገ ማንን ልትከሺ ነው?» አሉኝ። ደላላ የወሰደውን ብር የሚመልስ እንዳይመስላችሁ፤ እናንተም ሰጥታችሁ ስታበቁ አቤት የምትሉበት አፍ አይኖራችሁም።

እትዬ፣ ይህን እንደማያነቡ አውቃለሁ፤ የፎቶ ኮፒው ልጅ ግን ያነብልዎታል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ያድልልኝ። አንተም ምስክሬ፣ ምሳ አለብኝ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ፤ ኮሜንት ላይ ስልክ አትጠይቁኝ፣ አልሰጥም። ስትሄዱ ሕገ መንግሥቱን፣ የ1996ቱን የወንጀል ሕግና የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የአማርኛውን ቅጂ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከስልክ ላይ ማንበብ አይፈቅዱም። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶም አትርሱ። የሚጀምሩት ልክ በ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ውጭ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይመዘገባል።