ፈጣን ክፍያ ወይስ ክስ? ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤው የነዳጅ መፍሰስ በኋላ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2010 ዲፕ ወተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ነዳጁም ወደ ባሕር ፈሰሰ። ገቢያቸው የነጠፈባቸው ዓሣ አጥማጆችና ባለሆቴሎች ኪሳራቸውን ለማስመለስ ከነበሯቸው መንገዶች ሁለቱን ላነጻጽር።

ፈጣኑ ክፍያ የጉድጓዱ ባለቤት የሆነው የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ 20 ቢሊዮን ዶላር ከመደበለትና ጠበቃው ኬኔት ፋይንበርግ ካስተዳደሩት ፈንድ የሚገኝ ነበር። ቀደም ሲል የአስቸኳይ ጊዜ ክፍያ ያገኘ ግለሰብ 5,000፣ ድርጅት 25,000 ዶላር ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ይወስድ ነበር። በምላሹ ከዚያ በኋላ ላለመክሰስ ይፈርም ነበር፤ ጉዳቱ በዓመቱ ቢብስ እንኳ በሩ ተዘግቷል። የቤት ኪራይ የተጠራቀመበትን ሰው ለምን ፈረምክ ብዬ አልወቅስም።

ክስ ደግሞ የግብር ወረቀት፣ የሽያጭ መዝገብ፣ ጠበቃና ትዕግሥት ይፈልጋል። በኒው ኦርሊንስ በዳኛ ካርል ባርቢየር ፊት የቀረበው ጉዳይ በ2012 በስምምነት ተቋጨ፤ ከዓሣው ዘርፍ በቀር ለንግድ ኪሳራ ጠቅላላ ጣሪያ አልተቀመጠም። መጠበቅ ግን ሁልጊዜ አይክስም፦ ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው የነዳጅ ጫኝ መርከብ በ1989 አላስካ ላይ ባደረሰችው የነዳጅ መፍሰስ አደጋ የተፈረደው 5 ቢሊዮን ዶላር የቅጣት ካሳ፣ በ2008 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ 507.5 ሚሊዮን ወርዷል። ያም ሆኖ ሒሳቡን በደንብ ለያዘና ጥቂት መቆየት ለሚችል ነጋዴ ክሱ ይሻል ነበር እላለሁ።